ሕፃን ላይ ጥቃት መድረሱን ስትጠረጥሩ፦ ለማን፣ መቼና እንዴት እንደምትጠቁሙ

በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል። «ጎረቤቴ ቤት ከገጠር የመጣች ልጅ አለች፣ ሌሊት ስታለቅስ እሰማለሁ፣ የት ልሂድ?» «ተማሪዬ ጀርባ ላይ ሰምበር አየሁ፣ ፖሊስ ጋ ነው ወረዳ?» «ብናገር ስሜ ይወጣል?» ለእያንዳንዱ ለብቻ ስመልስ ቆየሁና ሁሉንም አንድ ላይ ልጻፈው አልኩ። ወረዳ ውስጥ በማኅበራዊ ሠራተኝነት ስለሠራሁ የምነግራችሁ የአዲስ አበባን አሠራር ይዤ ነው። ክልል ላይ ላላችሁ የቢሮዎቹ ስም ትንሽ ይለያይባችኋል፣ አካሄዱ ግን ብዙም አይርቅም።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የእናንተ ሥራ ማየት፣ መጻፍና ማድረስ ነው። ማጣራት የመንግሥት ሥራ ነው። ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው ጠቋሚው መርማሪ ልሁን ሲል ነው።

ማን ምን ይሠራል?

ሰው «መንግሥት» ሲል አንድ ቢሮ ይመስለዋል። አይደለም፣ አራት በር ነው።

የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ስለ ልጁ ኑሮ ያያል። ቤት ድረስ ሄዶ ያጣራል፣ ቤተሰቡን ያነጋግራል፣ ልጁ እዚያ ቤት ማደር ካልቻለ ዘመድ ወይም ማቆያ ይፈልጋል። ከላይ ክፍለ ከተማው አለ፣ ከዚያ የከተማው ቢሮ፣ በፌዴራል ደረጃ ደግሞ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር።

ፖሊስ ስለ ወንጀሉ ያያል። ጣቢያ ስትገቡ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚይዘውን መርማሪ ጠይቁ፣ ተረኛው ዴስክ ላይ ሁሉንም አትዘርግፉ።

ሆስፒታል ያክማል፣ የሕክምና ማስረጃ ይጽፋል። እንደ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ባሉ ቦታዎች የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለ፤ ሐኪም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ እዚያው ስለሚገኙ ልጁ ከቢሮ ቢሮ አይንገላታም።

ዐቃቤ ሕግ ክስ ይመሠርታል። እናንተ ብዙም አታገኙትም፣ ግን መዝገቡ እሱ እጅ ሲገባ ማወቅ አለባችሁ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 8 ላይ እመለስበታለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ መጻፍም ይቻላል፣ ግን ስልካችሁን ቤተሰብ የሚነካው ከሆነ ወረቀት ይሻላል።
- ካርድ ያለው፣ ቻርጅ የተደረገ ስልክ።
- የራሳችሁ መታወቂያ።
- የልጁ ስም (የቤት ስሙም ቢሆን)፣ የሚመስላችሁ ዕድሜ፣ ትምህርት ቤቱ፣ አድራሻው። የቤት ቁጥር ካላወቃችሁ ምልክት፦ «ከወፍጮ ቤቱ ወረድ ብሎ አረንጓዴ በር»።
- ካኪ ፖስታ ወይም የወረቀት ከረጢት፣ ለልብስ።
- ለልጁ ቅያሪ ልብስ።
- የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ ወይም የክርስትና ካርድ፣ በቀላሉ ከተገኘ ብቻ። ተጠርጣሪው ያለበት ቤት ገብታችሁ ሰነድ አትፈልጉ።

ዕድሜ ለምን ያስፈልጋል? ሕጉ በዕድሜ ስለሚለያይ ነው። ከ13 ዓመት በታች የሆነች ልጅን መድፈር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ከ13 ዓመት በላይ ከሆነች አንቀጹም ቅጣቱም ሌላ ነው። ወረቀት ከሌለ ፍርድ ቤት በሐኪም የዕድሜ ምርመራ ያስደርጋል፣ እሱ ደግሞ ግምት ነውና ይከራከሩበታል። አንድ የክትባት ካርድ ያን ሁሉ ክርክር ያስቀራል።

ደረጃ 1፦ አደጋው አሁን ነው ወይስ የቆየ?

ልጁ አሁን እየተደበደበ ከሆነ፣ ደም ካለ፣ ተቆልፎበት ከሆነ፣ ወይም ሊያሸሹት እየተዘጋጁ ከሆነ ደብተሩን ተዉት። 991 ደውሉ ወይም ቅርብ ያለ ጣቢያ ሩጡ። ስትደውሉ መጀመሪያ የምትናገሩት ቦታውን ነው፣ ታሪኩን አይደለም። ስልኩ ቢቋረጥ እንኳ ፖሊስ የሚመጣበትን ያውቃል።

አሁን አደጋ ከሌለ ግን ነገሩ ከቆየ፣ ወደ ደረጃ 2።

«ቅጣት ነው ወይስ ጥቃት?» ብላችሁ የምትጨነቁ ብዙ ናችሁ። ትምህርት ቤትና ማሳደጊያ ውስጥ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 በእነዚህ ቦታዎች ልጅን በአካል መቅጣት ከልክሏል፣ ስለዚህ አስተማሪ ዱላ ካነሳ «ለትምህርቱ ብዬ ነው» አይሠራም። ቤት ውስጥ ሕጉ ለወላጅ የተግሣጽ ቦታ ይተዋል። ግን ሰምበር የሚተው ግርፋት፣ በካውያ ወይም በማንኪያ ማቃጠል፣ በርበሬ ማጠን፣ ምግብ መከልከል፣ ውጭ ማሳደር፣ ይሄ ተግሣጽ አይባልም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 በልጅ ላይ የሚፈጸም እንግልትን ለብቻው ይቀጣል። እርግጠኛ ባትሆኑም ጠቁሙ። የት ላይ መስመሩ እንደታለፈ የሚለየው የወረዳው ባለሙያ ነው።

ደረጃ 2፦ ያያችሁትን ጻፉ፣ የገመታችሁትን ሳይሆን

ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ምን አያችሁ፣ ምን ሰማችሁ፣ ሌላ ማን ነበረ። ይሄው ነው።

እንዲህ ብላችሁ አትጻፉ፦ «ሴትዮዋ ጨካኝ ናት፣ ልጅቷን ሁሌ ታሠቃያታለች።»

እንዲህ ጻፉ፦ «ማክሰኞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ። ልጅቷ ባዶ እግሯን ጀሪካን ይዛ ከበር ውጭ ቆማ ነበር። ዝናብ ነበር። በሩ ከውስጥ ተዘግቷል። ግራ ክንዷ ላይ የካውያ ጫፍ የሚመስል ሦስት ማዕዘን ቁስል አየሁ፣ ቆዳው ገና አልደረቀም። ሱቅ ያለው ልጅም አይቷል።»

ሁለተኛውን የያዘ መርማሪ የት እንደሚጀምር ያውቃል፤ ቁስሉን ለሐኪም ያሳያል፣ ሱቅ ያለውን ልጅ ይጠራል። የመጀመሪያውን የያዘ ምንም የሚያደርገው የለም። በዚያ ላይ ሰዓትና ቀን ያለው ማስታወሻ ከስድስት ወር በኋላ ፍርድ ቤት ብትጠሩ ያግዛችኋል፣ ሰው ይረሳል።

ደረጃ 3፦ ልጁ ሲነግራችሁ ስሙት፣ አትመርምሩት

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡልኝ፣ ዋናው ይሄ ነው።

ልጁ ራሱ ከተናገረ አስጨርሱት። ፊታችሁ ላይ ድንጋጤ ካየ ያቆማል፣ ስለዚህ ተረጋጉ። ከጨረሰ በኋላ ሦስት ነገር በሉት፦ «ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግህ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ሊረዳን ለሚችል ሰው እነግራለሁ።» ከዚያ እሱ በተናገረው ቃል ልክ ጻፉት። ልጅ የሰውነት ክፍልን በራሱ ቃል ይጠራል፣ እናንተ አታስተካክሉለት።

«እገሌ ነው አይደል?» «እዚህ ጋ ነካህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ልጅ ትልቅ ሰው የፈለገውን መልስ የመስጠት ልማድ አለው፣ በኋላ ጠበቃ «ልጁ የተነገረውን ነው የሚደግመው» ይላል። መጠየቅ ካለባችሁ «ከዚያስ?» በቂ ነው።

«ለማንም አልናገርም» ብላችሁም ቃል አትግቡ። ስትናገሩ ያያል። ሁለተኛ ሰው አያምንም።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። የ9 ዓመት ልጅ ነበረች። ለአስተማሪዋ ነገረች፣ አስተማሪዋ ለዳይሬክተሩ አስነገረቻት፣ ከዚያ እኔ ጋ መጣችና እኔም «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አልኳት። ፖሊስ ጋ ስትደርስ አራተኛዋ ነበር። በየጊዜው ስትደጋግመው አሳጠረችው፣ ሰልችቷት፣ አፍራ። መጀመሪያ «ሁለት ቀን» ያለችው «አንድ ቀን» ሆነ። ፍርድ ቤት ላይ የተከላካዩ ጠበቃ ሁለቱን ቃሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያነብ እዚያው ነበርኩ። ልጅቷ አልዋሸችም። እኛ ነን ያደከምናት። እስካሁን ይከነክነኛል። ስለዚህ አንድ ሰው ከሰማ ሌላው እንደገና አያስነግራት፣ የሰማው ሰው የጻፈውን ይዞ ይሂድ።

ደረጃ 4፦ ወሲባዊ ጥቃት ከሆነ መጀመሪያ ሆስፒታል

ጣቢያ አይደለም፣ ወረዳ አይደለም፣ ቤተሰብ መሰብሰብም አይደለም። ሆስፒታል። ምክንያቱ ሰዓት ነው።

የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው ጥቃቱ ከደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፣ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል፣ ከዚያ ለ28 ቀን ይወሰዳል። የወር አበባ ማየት ለጀመረች ልጅ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ ቢበዛ በ5 ቀን ውስጥ ነው። ሐኪም ከሰውነት ላይ የሚወስደው ናሙናም በየሰዓቱ እየጠፋ ይሄዳል። «መጀመሪያ ፖሊስ ወረቀት ይጻፍልኝ» ብላችሁ አታድሩ። ሕክምናው ወረቀት አይጠብቅም።

ከመሄዳችሁ በፊት፦

- ልጁን አታጥቡ። እናቶች መጀመሪያ የሚያደርጉት ይሄን ነው፣ ይገባኛል፣ ልጇን እንደዚያ ሆና አይታ ውሃ የማታሞቅ እናት የለችም። ግን ማስረጃው አብሮ ይታጠባል።
- የለበሰችውን ልብስ አትጠቡ። ከቀየረች በወረቀት ከረጢት አስገቡ። ፌስታል እርጥበት ይይዝና ልብሱን ያሻግተዋል፣ ናሙናው ይበላሻል። የውስጥ ልብስ ለብቻው ይሁን።
- አፍ ላይ የደረሰ ነገር ካለ ሐኪም እስኪያያት አፏን አትጉመጥመጥ።

72 ሰዓት ካለፈ፣ ከታጠበች፣ ልብሱ ከተጠበስ? አሁንም ሂዱ። ቁስል፣ ኢንፌክሽን፣ እርግዝና የሚታወቀው በምርመራ ነው፣ የሥነ ልቦና እርዳታም ጊዜ አያልፍበትም። ወንድ ልጅም ከሆነ ያው ነው። «ወንድ ምን ይሆናል» ተብሎ የታለፈ ስንት ልጅ አለ መሰላችሁ፣ ሕጉ እሱንም ይጠብቃል።

ደረጃ 5፦ ጥቆማውን ስጡ

አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከሆነ ፖሊስ ጋ። ቸልተኝነት፣ የጉልበት ብዝበዛ፣ ከትምህርት ማስቀረት፣ ጥርጣሬ ብቻ ከሆነ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ጋ። ከተሳሳታችሁ አትጨነቁ፣ አንዱ ለሌላው ይመራዋል። ዋናው አንዱ ጋ መድረስ ነው።

«ዘመድ አይደለሁም፣ ምን አገባኝ ቢሉኝስ?» ያገባችኋል። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ ሲፈጸም በዓይኑ ባያይም እንኳ፣ ወንጀል መፈጸሙን የመጠቆም መብት ይሰጠዋል።

ገብታችሁ እንዲህ በሉ፦ «ስለ አንድ ሕፃን ደኅንነት ለመጠቆም ነው የመጣሁት። ዕድሜው ይሄን ያህል ይመስለኛል፣ እዚህ ነው የሚኖረው። ይሄን አይቻለሁ።» ከዚያ ማስታወሻችሁን አንብቡ። ቅጂውን ስጡ እንጂ ዋናውን አስቀሩ።

ስማችሁ እንዳይወጣ ከፈለጋችሁ ያኔውኑ ተናገሩ። ባለሙያው ቤት ለቤት ሲያጣራ «ማን ጠቆመ» ብሎ መናገር የለበትም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዓይናችሁ ያያችሁ ብቸኛ ምስክር ከሆናችሁ በኋላ ፍርድ ቤት ልትፈለጉ ትችላላችሁ። ለከባድ ወንጀል ምስክሮች ጥበቃ የሚሰጥ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 699/2003፤ ማስፈራሪያ ካለ ለመርማሪው ወዲያው ንገሩትና ጥበቃ ጠይቁ።

ስትወጡ የመዝገብ ቁጥር፣ የያዘው ሰው ስምና ስልክ፣ ቀኑ። እነዚህን ሳትይዙ አትውጡ። ያለ ቁጥር «ባለፈው መጥቼ ነበር» ማለት ብቻ ነው የሚቀራችሁ።

«የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ተነጋገሩ» ብሎ የሚመልሳችሁ ካጋጠመ አትጣሉ። ስሙን ጻፉ፣ ኃላፊው ጋ ግቡ፣ ካልሆነ ክፍለ ከተማ። በጽሑፍ አስገቡና ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱ። ወረቀት ላይ ቀን ሲያርፍ ጉዳዩ ይንቀሳቀሳል።

ደረጃ 6፦ ቃላችሁን ሳታነቡ አትፈርሙ

መርማሪው የነገራችሁትን በራሱ አጻጻፍ ይጽፋል። ሕጉም ተነቦላችሁ እንድትፈርሙ ነው የሚለው። «ሲመታት አየሁ» ያላችሁት «ሲጮህባት ሰማሁ» ሆኖ ሊገኝ ይችላል፣ በክፋት አይደለም፣ በሩጫ ነው። አስተካክሉልኝ በሉ። ችሎት የሚነበበው ያ ወረቀት ነው።

ደረጃ 7፦ ልጁ ዛሬ የት ያድራል?

ይሄን ጥያቄ ሳትጠይቁ ቢሮውን አትልቀቁ። ጥቃት አድራሹ እዚያው ቤት ካለ ልጁን ወደዚያ መመለስ አደገኛ ነው፣ ክስ መጀመሩ ራሱ ቁጣ ያመጣል። ባለሙያው መጀመሪያ የሚፈልገው ደኅና ዘመድ ነው። አያት፣ አክስት፣ ከተጠርጣሪው ጋር የማትኖር። ካልተገኘ ጊዜያዊ ማቆያ። ማሳደጊያ የመጨረሻ ምርጫ ነው፣ ስለዚህ «ልጁን ይወስዱታል» ብላችሁ በዚህ ፍርሃት ዝም አትበሉ። ጥሩ ዘመድ የምታውቁ ከሆነ ስልኩን ስጡ፣ ትልቅ እገዛ ነው።

ልጁን ግን በራሳችሁ ወስዳችሁ ቤታችሁ አትደብቁ። በቀና ልብ ያደረገችው ጎረቤት «ልጄን ጠልፋብኛለች» ተብላ ስትከሰስ አይቻለሁ፣ ዋናው ጉዳይ ተረስቶ እሷ መልስ ሰጪ ሆነች። ሌሊት በራችሁን አንኳኩቶ ከመጣ አስገቡት፣ ያኔውኑ 991 ደውሉ፣ የደወላችሁበትን ሰዓት ጻፉ።

ደረጃ 8፦ ተከታተሉ

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ከዚያ ፖሊስ የምርመራ ጊዜ ይጠይቃል፣ በአንዴ ከ14 ቀን አይበልጥም። ተጠርጣሪው በዋስ ሊወጣ ይችላል። ሰፈር ስታዩት «ገንዘብ ከፍሎ ወጣ» ብላችሁ አትተዉት፣ ዋስትና ማለት ነጻ መባል አይደለም። ግን ልጁ አካባቢ ከታየ ወይም ምስክር ካስፈራራ ለመርማሪው ንገሩ፣ ፍርድ ቤት ዋስትናውን ሊያነሳ ይችላል።

በየሁለት ሳምንቱ ቁጥሩን ይዛችሁ ጠይቁ፦ መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ ጋ ደርሷል? የሕክምና ማስረጃው ገብቷል? ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚቆመው ሆስፒታል የተጻፈው ወረቀት መዝገቡ ውስጥ ስላልገባ ብቻ ነው። አንድ ሰው ሲጠይቅ ይገኛል።

ልጁ ፍርድ ቤት መቅረብ ካለበት አስቀድማችሁ ለሕፃናት የተዘጋጀ ክፍል እንዲኖር ጠይቁ። እንደ ልደታ ባሉ ፍርድ ቤቶች ልጁ ሌላ ክፍል ከማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር ይቀመጣል፣ ችሎቱ በካሜራ ያየዋል፣ ጥያቄው በባለሙያዋ በኩል በለሆሳስ ይደርሰዋል። ተከሳሹን ፊት ለፊት አያይም። መጫወቻ ያለበት ትንሽ ክፍል ነው። ይሄን ለልጁ ቀድማችሁ ብትነግሩት እንቅልፍ ያገኛል።

ማስጠንቀቂያ

ሽማግሌ አይግባ። «ቤተሰብ ይፈርሳል»፣ «ካሳ ይከፈላት»፣ «ያግባት» የሚሉ ይመጣሉ። ሕፃን መድፈር በግል አቤቱታ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም፣ ቤተሰብ ታርቋል ተብሎ ክሱ አይነሳም። «ያግባት» የሚለው ደግሞ ራሱ ወንጀል ነው፣ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ የለም።

የልጁን ፎቶ፣ ቁስሉን፣ ስሙን ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ። ሰው እንዲያዝንላት ብላችሁ ነው፣ ግን ፎቶው ከ10 ዓመት በኋላም እዚያው ነው፣ ተጠርጣሪውም ቀድሞ ይሰማና ይሸሻል።

ጥቃት አድራሹን ሄዳችሁ አታፋጥጡት። ማታ ዱላው የሚያርፈው ልጁ ላይ ነው።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- «እርግጠኛ እስክሆን ልጠብቅ» ማለት። ለጥቆማ በቂ ምክንያት ያለው ጥርጣሬ ይበቃል።
- አስተማሪ ለዳይሬክተር ተናግሮ «ግዴታዬን ተወጥቻለሁ» ማለት። ትምህርት ቤቱ ስሙን ፈርቶ ሊያዳፍነው ይችላል። ወረዳ መድረሱን ራሳችሁ አረጋግጡ።
- ከገጠር የመጣችን ልጅ «ሠራተኛ ናት» ብሎ ማለፍ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል። «ዘመዴ ናት» ከተባለ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለ፦ የቤቱ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ እሷስ? ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የት እንዳለች አይታችሁ ጻፉ።
- አንዴ ጠቁሞ፣ ለውጥ ሲጠፋ መተው። አዲስ ነገር ባያችሁ ቁጥር በዚያው መዝገብ ቁጥር ጨምሩ። ሦስተኛው ጥቆማ ላይ በር የተከፈተላት ልጅ አውቃለሁ፤ ጠቋሚዋ ማዶ የምትኖር ልብስ አጣቢ ነበረች፣ መጻፍ ስለማትችል ልጇ ነበር ደብተሩን የሚጽፍላት።